ትራክተሩ የማይወጣው ዳገት

ሰፈሩ ሁሉ ሬዲዮ ነው የሚላት። የእውነት ስሟን የምትጠራው እናቷ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ። ምን ታድርግ፣ ወሬ አፏ ውስጥ አያድርም። የማን ላም መንታ እንደወለደች፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ ፈተና ወድቆ አልፌያለሁ እንዳለ፣ ጠዋት ወተት መሰብሰቢያው ጋ ጀሪካኗን ይዛ ስትሰለፍ ትጀምርና ተራዋ ሲደርስ ያልሰማ የለም። አባቷ በሕይወት እያለ "ይቺን ልጅ መዝጊያ ሳይሠሩላት ነው የሰጡን" ይል ነበር። ከዛ ደሞ ራሱ አጠገቧ ቁጭ ብሎ "እስቲ ዛሬ ምን ተባለ?" ይላታል።

አባቷን የገደለው ልቡ ነው። በረት ውስጥ ላሟን እያለበ፣ ግንባሩን ሆዷ ላይ እንዳስደገፈ ቀረ። ላሟም ንቅንቅ አላለችም። ያገኘችው ሬዲዮ ናት፤ እሱን ግን እስካሁን ለማንም አውርታው አታውቅም።

ከቀብሩ በኋላ እናቷ እህል አልቀምስ አለች። አታለቅስም፣ አታወራም፣ ግድግዳ ግድግዳ ማየት ብቻ። ከተማ የምትኖረው አክስቷ "እዚህ ከተቀመጠች ትከተለዋለች" አለችና ሁለቱንም መኪና ውስጥ ከታ ወሰደቻቸው። ላሞቹን ጋሼ ዲናሞ ተረከበ።

ጋሼ ዲናሞ ማለት ጎረቤታቸው ነው፣ የአባቷ የልጅነት ጓደኛ። ዲናሞ ያሉት አርፎ ስለማያውቅ ነው። ተቀምጦ ራሱ እግሩ እንደ ሞተር ይንቀጠቀጣል፤ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ሻዩ ይፈስበታል። በእርሻ የሱን ያህል የሚያውቅ የለም፣ የሱን ያህል ደሞ "እኔ አውቃለሁ" የሚል የለም። ከአባቷ ጋር ቀን በቀን ይጣላሉ፤ አንዱ ለአንድ ቀን ከጠፋ ግን ሌላው አጥር ዘሎ ይመጣል።

እንግዲህ እናትና ልጅ ከከተማ የተመለሱ ቀን ነው ነገሩ የጀመረው። አውቶቡሱ መገንጠያው ላይ ሲያወርዳቸው መጀመሪያ የሚታየው ከቤታቸው ጀርባ ያለው ዳገት ነው። ያ ዳገት ሦስት ዓመት ሳይታረስ ሳር ሆኖ የቆየ ነው። አሁን ግን ጥቁር ነው። ከታች እስከ ላይ ታርሶ፣ ተከስክሶ፣ ተዘርቶበት፣ እንደ አዲስ ጋቢ ተዘርግቷል።

በሩ ላይ ጋሼ ዲናሞና ጎረቤቶቹ ቆመዋል። ታጥበው፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሰው።

"እህቴ" አለ ጋሼ ዲናሞ። "ባልሽ ትራክተሬ ዳገት አይወጣም እያለ ስንት ጊዜ ሲያማርር የሰማሁት ነው። እኔ ደሞ ነገ ነገ ስል ቀረሁ። በሕይወቱ ሳለ ያላደረግኩለትን አሁን አረስኩለት፣ ስንዴም ዘራሁለት። እነዚህም ነዳጁን አዋጥተዋል።"

እናቷ ዳገቱን አየችው። ከዛ እዛው በሩ ላይ በጉልበቷ ወደቀች። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያልወጣው እንባ ያኔ ወጣ፣ እንደ ጉድ ወጣ።

ሰዎቹ ደስ ብሏት መሰላቸው። ጋሼ ዲናሞ ራሱ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ "ተይ በቃ፣ ምን አደረግን" ይላል። ሬዲዮም አብራ አለቀሰች፤ ሰው መሆን እንዲህ ነው ብላ። ለጊዜው የገባት ነገር የለም።

የገባት ሰዉ ሄዶ፣ ወጥ ቤት ገብተው፣ እናቷ አንዱን ብርጭቆ አሥር ጊዜ ስታጥበው ነው።

"አባትሽ" አለች እናቷ ብርጭቆውን እያየች፣ "ለዛ ዳገት ከመንግሥት ይከፈለው ነበር።"

"ለምኑ?"

"ላለማረሱ።"

ሬዲዮ ሳቋ መጣ። አትፍረዱባት፣ ሳቅ ያለበት ነገር ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት የእርሻ ቢሮው ሰው መጥቶ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ዳገት መሬት ያለው፣ አፈሩ የታጠበበት፣ አምስት ዓመት ሳር አልብሶ ያሳርፈው አለ። አይታረስ፣ ከብት አይግባበት፤ ለዚህም በየዓመቱ ድጎማ ይከፈላል። አባቷ ተነሣና "ጌታዬ፣ እኔም ተኝቼ እንድውል የሚከፍለኝ መሥሪያ ቤት ስፈልግ ነው የኖርኩት" አለ። አዳራሹ ፈረሰ። ጋሼ ዲናሞ ከሳቁ ብዛት ከወንበሩ ወደቀ። ከዛ ወዲህ ሥራ ያረፈደ ሰው ሁሉ "ምነው፣ ድጎማ ላይ ነህ እንዴ?" ይባላል። ማንም ደፍሮ ሳይመዘገብ ቀረ።

"አሞት ነበር" አለች እናቷ። "ሐኪሙ ዳገት ላይ ትራክተር መንዳት የለም፣ መሪ መታገል የለም አለው። እኔና እሱ ብቻ ነን የምናውቀው። ከዛ ተደብቆ ሄዶ ፈረመ። ለሰው ትራክተሩ ዳገት አይወጣም አለ።"

"ለኔም እኮ እንደሱ ነው ያለኝ።"

እናቷ ብርጭቆውን እንደገና ውኃ ውስጥ ነከረችው። ሬዲዮ አባቷ ለምን እንዳልነገራት ገባት። ለሷ መንገር ለወተት መሰብሰቢያው መንገር ነው። አባቷ ሲያመው ኖሮ አላወቀችም፤ አፏን ፈርቶ ነው። እዛው ወንበር ላይ ኩምትር አለች።

የቀረውን እናቷ ቶሎ ቶሎ ነገረቻት። አምስቱ ዓመት ሳይሞላ መሬቱ ከተነካ፣ እስካሁን የተከፈለው በሙሉ ይመለሳል። የተከፈለው ደሞ መድኃኒትና ጣሪያ ሆኗል። ለመመለስ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ የታችኛውን ማሳ መሸጥ። የሚበሉት ከዛ ነው፣ ላሞቹ የሚበሉት ከዛ ነው። የታችኛው ማሳ ከሄደ ቤቱ ቢቀርም ቤት አይባልም።

"እኛ አላረስነውም እኮ። እነሱ ናቸው።"

"ዳገቱ ታርሷል" አለች እናቷ።

በማግስቱ ሬዲዮ ለእናቷ አክስቴ ጋ ጃኬት ረስቻለሁ ብላ ከተማ ሄደች። የእርሻ ቢሮው ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃው ጭቃ በጭቃ፤ ገበሬ የሚመላለስበት ቤት መሆኑ ያስታውቃል። መስኮት አለ፣ ከመስኮቱ ኋላ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽር የምትፈልግ ሴትዮ አለች።

"እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር። የጓደኛዬ አባት ነው—"

"የጓደኛሽ" አለች ሴትዮዋ።

"አዎ። መሬቱ እንዲያርፍ ፈርሞ ነበር። ከዛ ሞተ። ጎረቤት ደሞ ሳያውቅ፣ ለማገዝ ብሎ አረሰው። ጓደኛዬ ምን ታድርግ?"

ሴትዮዋ መነጽሯን አገኘችው። ሬዲዮን ከጥቁር ሻሿ እስከ ጫማዋ አየቻትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ያረሰው ሰው ራሱ ለተቆጣጣሪው ባለቤቷ አታውቅም ነበር ብሎ ይመስክር። እህሉ ሳያሸት በአረንጓዴው ይገልበጥና ሳር ይዘራበት። ውሉ ይቀጥላል። ግን ያረሰው ሰው ነው መናገር ያለበት፤ እሷ ብትምል አይሠራም።" ከዛ ደሞ "ለጓደኛሽ ነፍስ ይማር በያት" አለች።

ሬዲዮ እየበረረች ነው የተመለሰችው። ተገላገልን ብላ። እናቷ ሰምታ ስትጨርስ ግን ራሷን ነቀነቀች።

"ዲናሞ እንዲመሰክር ዲናሞ ማወቅ አለበት። ዲናሞ ካወቀ ያ ስብሰባ ይታወሳል። የሳቀው ሁሉ አሁን በሱ ይስቃል። መልስ የሚሰጥበት አፍ እንኳን የለውም።"

"እማዬ፣ ማሳው ይሸጥ ታዲያ?"

"ይሸጥ። እኔ እሱን መቃብሩ ውስጥ አላዋርድም። ደሞ ዲናሞን ሂድና በእጅህ የዘራኸውን በእጅህ ግደለው ልለው ነው?" ከዛ በእውነተኛ ስሟ ጠራቻት። "ትንፍሽ ካልሽ ልጄ አይደለሽም።"

ሬዲዮ ትንፍሽ አላለችም። ይሄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ወተት መሰብሰቢያው ጋ ትሰለፋለች፣ ወተቷን ታስለካለች፣ ትሄዳለች። ወተት ለኪው "ሬዲዮዋ ባትሪ ጨረሰች" ብሎ ያስቃል። ሴቶቹ "ሐዘን ነው፣ ተዋት" ይሉታል። እሷ ደሞ አፏን ከከፈተች ከዛው ጋር እንዳይወጣ ስለ ዝናቡ እንኳን አታወራም።

ስንዴው ደሞ መብቀሉ። ሦስት ዓመት ያረፈ መሬት ነዋ፤ እንደዛ ያለ ስንዴ በዛ ሰፈር ታይቶ አይታወቅም። ወፍራም፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ነፋስ ሲመታው ዳገቱ ሁሉ ይተነፍሳል። ጋሼ ዲናሞ የራሱን ማሳ ትቶ ጠዋት ጠዋት እዛ ነው፤ ጎንበስ ብሎ አረም ይነቅላል፣ ሲወርድ በአጥሩ በኩል "እህቴ፣ ይሄ እኮ ጎተራ አይበቃውም" ይላል። እናቷ "እግዜር ይስጥልኝ" ትልና ቤት ትገባለች። በሯን ዘግታ ትቀመጣለች። ሬዲዮ አንድ ሁለቴ አጥሩ ድረስ ሄዳለች፣ ልንገረው ብላ። ጎንበስ ያለ ጀርባውን ታይና ትመለሳለች።

ተቆጣጣሪው የመጣው ስንዴው ጉልበት ሲደርስ ነው። ገና ወጣት ነው፣ ቦት ጫማ ያደረገ፣ ስልኩን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ። ክፉ ሰው አይመስልም። መኪናውን ከዳገቱ ሥር አቆመና ስንዴው ውስጥ ገብቶ ቆመ። ወደ ስልኩ አየ፣ ወደ ዳገቱ አየ፣ እንደገና ወደ ስልኩ።

"እናቴ፣ ይሄ ሳር መሆን አልነበረበትም?"

"ነበረበት" አለች እናቷ።

"ማን አረሰው?"

"እኔ።"

ሬዲዮ እናቷን አየቻት። እጇን ያዘቻት፤ እናቷ አጥብቃ ጨመቀቻት፣ ዝም በይ ነው።

ተቆጣጣሪው ተከዘ። "እርስዎ አሳረሱት ማለት ነው? ውሉን እያወቁ?"

"እኔ ነኝ አልኩ።"

በዚህ መሀል ጋሼ ዲናሞ ደረሰ። መኪናዋን ከራሱ ማሳ ሆኖ አይቶ ነው፣ እየሮጠ የመጣ ነው፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ። የቢሮ ሰው ስንዴ ውስጥ ቆሞ ሲያይ ሊያደንቅ፣ ምናልባትም ሊሸልም የመጣ መሰለው። "እኔ ነኝ" የሚለውን ብቻ ነው የሰማው።

"እሷ?" አለ እየሳቀ። "እሷ መሪ ጨብጣ አታውቅም። አይ፣ ያልሆነ ነገር እንዳትጽፍ። ከታች እስከ ላይ ያረስኩት እኔ ነኝ፣ ዘሩም የኔ ነው። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ስንዴ አይተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም" አለ ተቆጣጣሪው። እውነቱን ነው። "ሲያርሱት እሷ ታውቅ ነበር?"

"ከየት ታውቃለች? ሐዘኗን ይዛ እህቷ ጋ ነበረች። እኛ ነን ሳትሰማ—" ጋሼ ዲናሞ ቆም አለ። ሞኝ አይደለም። የተቆጣጣሪውን ፊት አየ፣ የእናቷን አየ፣ መጨረሻ ላይ ሬዲዮን አየ፤ ሬዲዮ መሬት መሬት ታያለች። "ምንድነው እሱ?"

ተቆጣጣሪው አፉን ሲከፍት እናቷ እጇን አነሣች። "ቆይ። እኔ ልንገረው።"

ከስንዴው ዳር ተቀመጠች። ጋሼ ዲናሞ ቆሞ ቀረ።

"ይሄ መሬት ድጎማ ላይ ነው" አለችው። "ፈርሞ ነበር። ትራክተሩ ምንም አልሆነም። ዳገቱን ያልወጣው እሱ ነው፤ ልቡ አላስወጣው አለ።"

ጋሼ ዲናሞ ትራክተሩ ወደቆመበት ግቢ ዞሮ አየ።

"ለምን አልነገረኝም?"

"ከነገርኩት መጥቶ ያርስልኛል አለ።"

"አርስለት ነበራ።"

"እኮ።"

ነፋስ መጣና ስንዴው ተኛ፣ ተነሣ። ጋሼ ዲናሞ ባርኔጣውን አወለቀ። "እዛ ስብሰባ ላይ ከወንበር የወደቅኩት እኔ ነኝ" አለ። ለማንም አይደለም ያለው። "ከሁሉ በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ። እንዴት ይንገረኝ።"

ተቆጣጣሪው መሬት መሬት እያየ ሕጉን ነገረው። መስኮቷ ላይ የነበረችው ሴትዮ ያለችውን ነው፤ ይፈርማል፣ ስንዴው ሳያሸት ይገለበጣል። ጋሼ ዲናሞ አልተከራከረም። መኪናዋ ላይ ተደግፎ ፈረመ። ከዛ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። "ሌላ ሰው ማወቅ አለበት?"

"እኔ የምጽፈው ለቢሮ ነው" አለ ተቆጣጣሪው። "ሰፈሩ የራሱ ጉዳይ ነው።"

ጋሼ ዲናሞ ገበያ ቀን ጠበቀ። ገበያ ቀን ሰፈሩ ባዶ ነው፣ ሽማግሌ ሳይቀር ከተማ ነው። ጋሼ ዲናሞ በእግሩ መጣና በሩን አንኳኳ።

"የሱን ቁልፍ ስጪኝ።"

"ያንተ ትራክተር ምን ሆነ?" አለች እናቷ።

"የሱን ስጪኝ።"

ትራክተሩ አባቷ ከሞተበት ጊዜ ጀምሮ አልተነካም። ወንበሩ ላይ የአባቷ ጓንት እንደተቀመጠ ነው። ጋሼ ዲናሞ ጓንቱን አነሣ፣ ሊያደርገው አሰበና ለሬዲዮ ሰጣት። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሣ። ማረሻውን አስሮ ዳገቱን ጀመረ።

ወጣ። ያለምንም ችግር ወጣ። አላቃሰተም፣ አላጨሰም፣ ማርሽ እንኳን አልቀየረም፤ እንደ ሜዳ። እናትና ልጅ አጥሩ ጋ ቆመው ድምፁን ይሰማሉ። በኋላው ያ ሁሉ አረንጓዴ እየተገለበጠ አፈር ሥር ይገባል። የታጨደ ስንዴ የራሱ ሽታ አለው፤ ይሄ ግን የእርጥብ ሳር ሽታ ነው፣ እህል ሊሆን ያልደረሰ ነገር ሽታ። እናቷ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ እስከመጨረሻው ቆመች። ሁለተኛ ቀብር ነበር የሚመስለው፤ ያውም ሰው ያልመጣበት።

ጫፍ ላይ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሬዲዮ ውኃ ይዛ ወጣችለት። አልጠጣም። እሷ ግን ያየችው እግሩን ነው። እግሩ ዝም ብሏል።

ሲወርድ ትራክተሩን ወደ ግቢ አላስገባውም። ከዳገቱ ሥር፣ መንገዱ ዳር፣ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ አቆመው። ኮፈኑን ከፈተ። ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ወተፈ። ከጣሳ ትንሽ ዘይት ወስዶ ሥሩ አፈሰሰ።

"ሬዲዮ፣ ነይ እስቲ።"

"አቤት ጋሼ።"

"ነገ ወተት ስታስረክቢ ትናገሪያለሽ። ስንዴው ዋግ መታው በይ። ቅጠሉ ላይ ቀይ ዱቄት ታየ፣ ወደ ሰው ማሳ ሳይዛመት ዲናሞ ገለበጠው በይ። ዘሩስ ካሉሽ፣ ዲናሞ ጎተራ ያኖረው አሮጌ ዘር ነበር፣ አልተመረመረም በይ። ትራክተሩስ ካሉሽ፣ ልሞክረው ብሎ እዚህ ሥር ቆሞ ቀረበት፣ የራሱን ሄዶ አመጣ በይ።"

"ጋሼ፣ ይስቁብዎታል እኮ።"

"ይሳቁ።"

"አሮጌ ዘር ዘራ ከተባሉማ እድሜ ልክዎን ነው የሚሉት። እርስዎ ደሞ—"

"አንቺ ልጅ፣ ለዚህ ሰፈር ወሬ የሚያደርስ ካንቺ ሌላ አለ?" አላት። ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጠ። "እኔ ብናገር ይጠረጥራሉ። አንቺ ካልሽው አለቀ።"

በማግስቱ ሬዲዮ ጀሪካኗን ይዛ ተሰለፈች። "ሰማችሁ?" አለች፤ ሰልፉ ሁሉ ዞረ። "ሬዲዮዋ መጣች" አለ ወተት ለኪው፣ ደስ ብሎት። እሷም አንድ በአንድ ተናገረች፤ ዋጉን፣ ቀይ ዱቄቱን፣ አሮጌውን ዘር። ነዳጅ ያዋጡት ሰዎች ተናደዱ፣ ከዛ ከንፈር መጠጡ፣ ከዛ ሳቁ። "ዲናሞም ይሳሳታል ለካ" አለ አንዱ። "እኛን ዘር አስመርምሩ እያለ ሲያሰቃየን የኖረው ሰውዬ።" ሌላው "ከእንግዲህ ዘር ሲገዛ እኔን ያማክር" አለ። ጋሼ ዲናሞ ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሟል። ወተቱን ይዞ፣ እግሩ እየተንቀጠቀጠ። "ይበለኝ" አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሬዲዮ ተራዋ ሲደርስ ወተቷን አስለካች፤ ወተት ለኪው "ሌላስ?" ሲላት "ሌላ የለም" አለችው።

ወደ ቤት ስትመለስ ሁለት ጎረቤቶች ከዳገቱ ሥር ቆመው ነበር። አንዱ የትራክተሩን ጎማ በእግሩ መታ መታ አደረገው። የፈሰሰውን ዘይት አየ። ቀና ብሎ ደሞ ጥቁሩን ዳገት አየ።

"ነፍሱን ይማረውና እውነቱን ነበር" አለ። "ይሄ ነገር ይሄን ዳገት አይወጣም።"

"እኔ እኮ ስንፍና መስሎኝ አምቼዋለሁ" አለ ሌላው።

እናቷ ከአጥሩ በዚህ በኩል ለላሞቹ ሳር እያጨደች ነበር። ቀና አላለችም። ማጭዱ ግን ሰዎቹ አልፈው እስኪሄዱ ድረስ ባለበት ቆመ።